ዳገቱን አስቀድሞ መቍጠር
የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ



በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገራችን እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በዝተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልና ብስክሌትም እንዲሁ እየታየ ነው። ወሬውም ወደ ገጠር አጥቢያዎች ደርሷል። ቤንዚን ከከተማ በጀሪካን ከማስመጣት፣ ለአንድ መልእክት ግማሽ ቀን በእግር ከመሄድ፣ መብራት ሲኖር ሞልቶ የሚሄድ ብስክሌት ቢኖረን ምን አለ የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሕፃናትን በሁለት አጥቢያ የሚያስተምር መምህር፣ መድኃኒት የሚያደርስ በጎ ፈቃደኛ፣ የልማት ሥራ የሚከታተል የኮሚቴ አባል ሁሉ ይጠቀምበታልና።

ሐሳቡ በተነሣ ቍጥር የሚከተለው ጥያቄ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ «አንድ ጊዜ ተሞልቶ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» የሚል። በዚህ ትምህርት ልናሳይ የምንፈልገው፣ ይህ ጥያቄ ለእኛ ሀገር አቀማመጥ በቂ አለመሆኑን ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የባትሪ ዐቅም የሚለካው ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ በዳገቱ ነው። ዳገቱን አስቀድሞ ያልቈጠረ ኮሚቴ የምእመናንን ገንዘብ ለማይሠራ ዕቃ ያውላል፤ ከዚያም የከፋው፣ የላከውን ሰው ቀን ሲመሽ ከአፋፍ በታች 25 ኪሎ ከሚመዝን ብረት ጋር ያስቀረዋል። «በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» እንደሚባለው፣ ግዙ የሚለው ብዙ ነው፤ ከገዙ በኋላ የሚመጣውን የሚያሰላው ግን ገዢው ራሱ ነው።

፩. ባትሪው ምን ያህል ይይዛል?

ባትሪ ጎተራ ነው። ጎተራ በቁና እንደሚሰፈር ሁሉ የባትሪ ይዘትም በዋት-ሰዓት ይሰፈራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በባትሪው ላይ የተጻፉትን ሁለት ቍጥሮች፣ ማለትም ቮልቱንና አምፒር-ሰዓቱን፣ እርስ በርስ ማባዛት ነው። 36 ቮልትና 10 አምፒር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 360 ዋት-ሰዓት ይይዛል። 48 ቮልትና 10 አምፒር-ሰዓት የተጻፈበት ደግሞ 480 ዋት-ሰዓት ይይዛል።

ሻጩ «60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲል በሜዳ፣ በአስፋልት፣ ቀላል ሰው ተቀምጦበት፣ ነፋስ በሌለበትና ተሳፋሪው ፔዳሉን እየመታ ሲሄድ ማለቱ ነው። ይህ ሐሰት ባይሆንም ስለ ሌላ ሀገር መንገድ የተነገረ ነው። ስለዚህ ከሻጩ የምንጠይቀው ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን ዋት-ሰዓቱን ነው። ኪሎ ሜትሩን የምናሰላው እኛ ነን።

ሁለተኛው ጥንቃቄ፣ የጎተራው እህል ሁሉ ለጉዞ አይውልም። ባትሪን ጠርጎ መጨረስ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ለድንገተኛ ነገርም መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ10 እጅ 8ቱን ብቻ መቍጠር ተገቢ ነው። ከ480 ዋት-ሰዓት ውስጥ ለመንገድ የምንመድበው 384 ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

፪. ዳገት ምን ያህል ይበላል?

አንድን ክብደት ወደ ላይ ማንሣት የተወሰነ ኃይል ይጠይቃል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነውና በሞተር ጥራትም ሆነ በሻጭ ቃል አይለወጥም። 100 ኪሎ የሚመዝን ነገር 100 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 27 ዋት-ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ሞተሩና ሽቦው በሙቀት የሚያባክኑት አለና፣ በዳገት ላይ ቀስ ብሎ በሚሄድ ብስክሌት ከባትሪው የሚወጣውን 40 ዋት-ሰዓት አድርገን ብንቈጥር ይሻላል። ይህን አንድ ቍጥር በቃል መያዝ ይጠቅማል፦

በ100 ኪሎ ክብደት፣ በየ100 ሜትሩ አቀበት፣ 40 ዋት-ሰዓት።

100 ኪሎ ብዙ አይደለም። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 25 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌትና 10 ኪሎ ጭነት ተደምረው 100 ይሞላሉ።

በዚህ ላይ መንገዱ ራሱ የሚበላው አለ። በጠጠር መንገድ ላይ ዝግ ብሎ ለሚሄድ ብስክሌት በየኪሎ ሜትሩ 10 ዋት-ሰዓት መመደብ ለስሌት ይበቃል። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች እናነጻጽር፤ 100 ሜትር ወደ ላይ መውጣት በሜዳ 4 ኪሎ ሜትር ከመሄድ ጋር እኩል ይበላል።

አቀበቱን ስንቈጥር አንድ ስሕተት እንዳይገባ እንጠንቀቅ። መነሻና መድረሻው እኩል ከፍታ ላይ ስለሆኑ ዳገት የለም ማለት አይደለም። በመካከል ወንዝ ካለ መውረድና እንደገና መውጣት አለ። የሚቈጠረው የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት ሳይሆን በመንገዱ ላይ የምንወጣው አቀበት ሁሉ ድምር ነው። የከፍታ መጠን የሚያሳይ ፕሮግራም ያለው ስልክ ይዞ መንገዱን አንድ ጊዜ በእግር ወይም በመኪና መሄድና በየወንዙና በየአፋፉ ቍጥሩን መመዝገብ ይህን ለማወቅ ይበቃል። ስልክ ከፍታን በጥቂት አሥር ሜትሮች ሊያሳስት ስለሚችል የተገኘውን ድምር ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝ ይገባል።

፫. አንድ ምሳሌ እንሥራ

የጀማ፣ የወንጪትና የሞፈር ውኃ ሸለቆዎች ሀገራችንን ከፋፍለው ያለፉ ናቸው። ከለሚ አፋፍ ተነሥቶ ወደ ጀማ የሚወርደው መንገድ ብቻ ከ1000 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት አለው። ወደ ዓለም ከተማ የሚያልፍ ሰው ከወንዙ ማዶ ደግሞ እንደገና ይወጣል። እኛ ለምሳሌያችን ቀለል ያለውን እንውሰድ፤ ከወንዝ እስከ አፋፍ 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 800 ሜትር አቀበት ያለው የጠጠር መንገድ ይሁን። ባትሪው 480 ዋት-ሰዓት፣ ጠቅላላ ክብደቱም 100 ኪሎ ነው እንበል።

ለአቀበቱ፦ 8 ጊዜ 40፣ 320 ዋት-ሰዓት።
ለመንገዱ፦ 12 ጊዜ 10፣ 120 ዋት-ሰዓት።
ድምር፦ 440 ዋት-ሰዓት።

ለመንገድ የመደብነው ግን 384 ነበር። ስለዚህ ተሳፋሪው ፔዳል ሳይመታ በሞተር ብቻ ቢወጣ፣ ከአፋፉ ለመድረስ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የተመደበለት ያልቃል። በወረቀት ላይ 60 ኪሎ ሜትር የተባለለት ባትሪ 12 ኪሎ ሜትር መጨረስ አልቻለም። ይኸው ባትሪ በማሃል ሜዳ አካባቢ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው በሜዳ ላይ፣ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የተለወጠው መሬቱ ነው እንጂ ባትሪው አይደለም።

መፍትሔው ምንድን ነው? የመጀመሪያው እግር ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ለአንድ ሰዓት ሳይጨነቅ 70 ዋት ያህል በፔዳል ሊሰጥ ይችላል። ይህ ከሞተሩ ብክነት ጋር ሲታሰብ ከባትሪው 100 ዋት-ሰዓት ያህል ያድናል። 440 የነበረው 340 ይሆናል፤ ተሳፋሪውም 44 ዋት-ሰዓት ተርፎት አፋፉ ላይ ይደርሳል። ፔዳል መምታት ሞተሩ ሲደክም ብቻ የሚደረግ ሳይሆን ከዳገቱ ሥር የሚጀመር ነው። ለበቅሎም ቢሆን ገብስ የሚሰጠው ከአቀበቱ በፊት ነው።

ሁለተኛው ጭነት መቀነስ ነው። 10 ኪሎ ጭነት ከወንዙ በታች ማስቀረት በዚህ ምሳሌ 44 ዋት-ሰዓት ያድናል። ሦስተኛው እጅግ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ወርዶ መግፋት ነው። አባቶቻችን በቅሎ ላይ ተቀምጠው ሲጓዙ ከባድ ገደል ሲያጋጥም ወርደው ይሄዱ ነበር፤ ማፈሪያም አልነበረም። በዝግታ በከባድ ዳገት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎተት ሞተር፣ በተለይም በኋላ ጎማ መሐል ላይ የተገጠመው፣ ይግላል፤ የሚባክነውም ኃይል ይበዛል። ሞተሩ በፔዳሉ መሐል ላይ የሆነ ብስክሌት በማርሽ እየታገዘ ስለሚሠራ ለዳገት ይሻላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ካቴናና ጥርስም ቶሎ ይበላል።

፬. ቁልቁለት ያታልላል

በሌሎች ሀገሮች ተሳፋሪዎች የሚይዙት አንድ ደንብ አለ፤ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ተመለስ የሚል። በሜዳ ላይ ደንቡ ትክክል ነው። በእኛ ሀገር ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ብዙዎቹ የደጋ አጥቢያዎች በአምባው ላይ ሆነው ምእመናኖቻቸው በቆላው ተበትነው ይኖራሉ። ከአምባው ተነሥቶ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ባትሪውን ብዙም አይነካውም። ወንዙ ሲደርስ መለኪያው ሙሉ ሊባል ጥቂት የቀረው ያሳየዋል፤ «ገና ብዙ አለኝ» ብሎም ሌላ ሁለት መንደር ይጨምራል። ወጪው ሁሉ የሚጠብቀው በመመለሻው ነውና፣ በዚያ የጨመራቸው ኪሎ ሜትሮች ዳገቱ ላይ ይጎድሉታል።

ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው ደንብ ይህ ነው፤ ከመነሣት በፊት የመመለሻው አቀበት የሚበላው ዋት-ሰዓት ተሰልቶ ይቀመጥ፤ ለሌላ ጉዞ የሚውለው ከዚያ የተረፈው ብቻ ይሁን። በምሳሌያችን ላይ ለመመለሻ 340 ከተቀመጠ፣ በቆላው ለመዘዋወር የሚቀረው 44 ነው፤ ይኸውም 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ተሳፋሪው ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል።

«ቁልቁለት ስንወርድ ባትሪው ይሞላ የለምን?» የሚል ጥያቄም ይነሣል። አብዛኞቹ ብስክሌቶች ይህን አያደርጉም። የሚያደርጉትም ቢሆኑ የሚመልሱት ጥቂት ነው፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከአፋፍ ሲነሣ ደግሞ ጨምሮ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ቁልቁለት ላይ ሊታሰብ የሚገባው ፍሬን ነው። ክብደቱ ከተራ ብስክሌት ስለሚበልጥ ፍሬኑ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግላል። ከመውረድ በፊት መፈተሽ፣ በመካከልም ቆሞ ማሳረፍ ይገባል።

ስለ መለኪያውም አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ ብስክሌቶች ላይ የባትሪውን መጠን የሚያሳዩት ምልክቶች ዳገት ላይ ወረድ ይላሉ፤ ቆም ሲባል እንደገና ከፍ ይላሉ። ይህ ባትሪው ስለ ተሞላ አይደለም። ትክክለኛውን ለማወቅ ቆሞ፣ አምስት ደቂቃ ዐርፎ ማንበብ ይሻላል።

፭. ውርጭ፣ ነፋስና ጎማ

ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በመንዝና በግሼ ደጋ ከመስከረም ማለፍ በኋላ ባሉት ጥርት ባሉ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ከዜሮ ዲግሪ በታች ይሆናል። ቅዝቃዜ የባትሪን ዐቅም ይቀንሳል። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሊቲየም ባትሪ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ሊያጎድል ይችላል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። በምሳሌያችን 384 የነበረው 307 ይሆናል ማለት ነው። 340 የሚጠይቀው ዳገት እግር ቢታከልበትም አያልቅም። ማለዳ በውርጭ የሚነሣ ሰው ባትሪውን ሌሊቱን በቤት ውስጥ አሳድሮ፣ ሊነሣ ሲል ቢገጥመው ይህን ጉድለት በብዙ ይቀንሳል።

ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄ አለ። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ የሊቲየም ባትሪ ፈጽሞ መሞላት የለበትም። በውስጡ የማይመለስ ጉዳት ይደርሳል፤ አደጋም ሊያስከትል ይችላል። ከውጭ የገባ ባትሪ አስቀድሞ የቤቱን ሙቀት ይያዝ፣ ከዚያ ይሞላ። ለማሞቅ ተብሎ ግን ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ።

ነፋስም ይበላል። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ነፋስ የሚፈጥረው ጫና በዚያው መጠን ይቀንስልናል፤ ይህ ደጋ የሚሰጠን በረከት ነው። ሆኖም በሜዳው ላይ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርቱ ነፋስ በፍጥነት ለሚሄድ ሰው አየሩን ለመክፈል የሚወጣውን ኃይል ሦስት እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። መፍትሔው ፍጥነት መቀነስ ነው። የላላ ጎማና ጭቃ የያዘ ካቴናም እንዲሁ ሳይታዩ የሚበሉ ናቸው፤ ጎማን በየሳምንቱ መንፋት ወጪ የለውም።

፮. የባትሪው ዓይነትና ዕድሜ

በገበያ ላይ ሁለት ዐይነት ባትሪ ይገኛል። አንደኛው የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የመኪና ባትሪ ወገን ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን ለ480 ዋት-ሰዓት ክብደቱ 15 ኪሎ ያህል ይደርሳል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ለተመሳሳይ ይዘት 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በሜዳ ላይ የ12 ኪሎ ልዩነት ቀላል ሊመስል ይችላል። በ800 ሜትር ዳገት ላይ ግን ባትሪው ራሱን ለመሸከም ብቻ 50 ዋት-ሰዓት ያህል ጨምሮ ይበላል። የእርሳስ ባትሪ እስከ ታች ሲሟጠጥ ቶሎ ይበላሻልና ከግማሽ በታች ማውረድ አይመከርም። ስለዚህ ለገደላማ አጥቢያ ርካሹ ባትሪ ውድ ይሆናል።

የሊቲየም ባትሪም ዘላለማዊ አይደለም። እንደ ዐይነቱ ከ500 እስከ 1000 ጊዜ፣ የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ደግሞ ከዚያ በላይ ከተሞላ በኋላ ይዘቱ ወደ 80 በመቶ ዝቅ ይላል። የምሳሌያችን 384 አሁንም 307 ሆነ ማለት ነው፤ በአዲስነቱ የወጣውን ዳገት ካረጀ በኋላ አይወጣውም። ኮሚቴው ሲያቅድ የመጀመሪያውን ዓመት ባትሪ ሳይሆን የሦስተኛውን ዓመት ባትሪ ያስብ፤ ለምትክ የሚሆን ገንዘብም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በጥቂቱ ያስቀምጥ።

በክረምት መንገዱ ጭቃ ሲሆን ብስክሌቱ ሳይሠራ ሊቆም ይችላል። የሊቲየም ባትሪ በዚህ ጊዜ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጥ፤ በየወሩም ይታይ። የእርሳስ ባትሪ ግን ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ። ሁለቱም ባዶ ሆነው ክረምቱን ካሳለፉ ሊመለሱ በማይችሉበት ሁኔታ ይጎዳሉ።

፯. የት እንሞላለን?

ለ480 ዋት-ሰዓት ባትሪ በአሞላል የሚባክነውን ጨምሮ 550 ዋት-ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ በ2 አምፒር ቻርጀር 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በወረዳ ከተማ ያለ አጥቢያ መብራት ባለበት ሰዓት ይሞላል። ሶላር ብቻ ያለው አጥቢያ ግን ማስላት አለበት። በጥሩ ፀሐይ ቀን አንድ 100 ዋት ሶላር 350 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ ባትሪውን በአንድ ቀን አይሞላውም። 200 ዋት ይሞላዋል፤ በነሐሴ ጭጋግ ግን እርሱም አይበቃም። ለቤተ ክርስቲያኑ መብራትና ድምፅ ማጉያ የተተከለውን ሶላር ለብስክሌቱ ማካፈል ሁለቱንም ማስራብ ነው፤ የራሱ ይኑረው።

የሚሞላበት ቦታ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ነው። የተጎዳ፣ የወደቀ፣ ውኃ የገባበት ወይም ከራሱ ቻርጀር ውጪ የተሞላ የሊቲየም ባትሪ ሊቃጠል ይችላል፤ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ ባትሪ በዕቃ ቤት ውስጥ፣ የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ባሉበት፣ ፈጽሞ አይሞላ። በሣር ክዳን ቤት፣ በጭድ አጠገብ፣ ሰው በሚተኛበት ክፍልም አይሞላ። በድንጋይ ወይም በብሎኬት በተሠራ፣ ብቻውን በቆመ ክፍል፣ በቀን፣ ሰው እያየው ይሞላ። ያበጠ፣ ያለ ልክ የጋለ ወይም የሚሸት ባትሪ ሲገኝ ከቻርጀሩ ይነቀል፤ ቀጥሎም ዕቃ ለማዳን ከመሯሯጥ በፊት ሰው ይራቅ። አንድ ብስክሌት ያተረፈው ጊዜ ለአንድ ብራና መጽሐፍ ምትክ አይሆንም።

፰. ርቀትን የሚያራዝም ስምምነት

ርቀቱ ሲያጥር የብዙዎች መልስ ሁለተኛ ባትሪ መግዛት ነው። ይህ ይሠራል፤ ግን ውድ ነው። በአዲስ አበባ ባዶውን ባትሪ ሰጥቶ የተሞላ መውሰድ የሚቻልበት አሠራር በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ተጀምሯል። በገጠር ይህ እስኪደርስ መጠበቅ የለብንም፤ የሚመስለውን በእጃችን ባለው ልናደርገው እንችላለን። ሁለት አጎራባች አጥቢያዎች፣ አንዱ ከአፋፍ ላይ ሌላው ከሸለቆው ወገብ ላይ ቢስማሙና በሁለቱም ዘንድ አንድ አንድ ቻርጀር ቢቀመጥ፣ ተሳፋሪው እዚያ ደርሶ ሥራውን እስኪፈጽም ባትሪው ይሞላል። ቻርጀር ከባትሪ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። በ2 ሰዓት ቆይታ ብቻ 190 ዋት-ሰዓት ያህል ይገኛል፤ ይኸውም በእኛ ስሌት 350 ሜትር ያህል አቀበት መውጫ ነው፤ የመንገዱን ድርሻ ቀንሰን እንኳ። እንግዳ ሲመጣ በቅሎውን ተቀብሎ ማብላት ለሀገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህም ከዚያው የተለየ አይደለም። ለመብራቱ የሚከፈለው ግን በጽሑፍ ይወሰን።

የጉዞ መዝገብም ያስፈልጋል። ማን ሄደ፣ ወዴት፣ ምን ያህል ጭነት ይዞ፣ ሲነሣ መለኪያው ስንት ነበር፣ ሲመለስስ? ይህ ለሦስት ወር ቢጻፍ፣ አጥቢያው ከማንም ሻጭ ወረቀት የሚታመን የራሱ ስሌት ይኖረዋል። ባትሪው መድከም ሲጀምርም ሰው መንገድ ላይ ሳይቀር አስቀድሞ ከመዝገቡ ይታያል።

፱. ማን ይግዛ፣ ማን ይቆይ?

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብስክሌት አዲስ ፍጥረት አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በኋላ ጎማው መሐል ሞተር ለተገጠመለት ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1895 የፈጠራ መብት አግኝቷል። ለብዙ ጊዜ ሳይስፋፋ የቆየበት ዋና ምክንያት ባትሪው ከባድ፣ የሚይዘውም ጥቂት ስለ ነበር ነው። ዛሬ ባትሪው ቀልሏል፤ ዳገቱ ግን እንደ ነበረ ነው።

እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው። በአምባው ሜዳ ላይ ለሚገኙ፣ አቀበታቸው በአንድ ጉዞ ከ300 ሜትር ለማይበልጥና ብስክሌት የሚሄድበት መንገድ ላላቸው አጥቢያዎች፣ በማሃል ሜዳ፣ በሞላሌ ወይም በራቤል ዙሪያ ያሉ ቢሆኑም፣ ስሌቱ ተሠርቶ ከተገኘ ብስክሌቱ ይጠቅማል። ምእመናኖቻቸው ከሸለቆ በታች ላሉ አጥቢያዎች ግን በመካከል መሙያ ሳይኖር መግዛት አይገባም። እነዚህ በቅሏቸውን ይጠብቁ፤ በመጀመሪያም የመንገዱንና የመሙያውን ጉዳይ ይምከሩበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፣ ጎረቤት አጥቢያ ገዛ ተብሎ መግዛት ምክንያት አይሆንም።

ለውይይት

ኮሚቴው ግዢ ከመወሰኑ በፊት በአንድ ስብሰባ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃለ ጉባኤ እያሰፈረ ይመልስ፦

1. ብስክሌቱ በብዛት የሚሄድባቸው ሦስት መንገዶች የትኞቹ ናቸው? የእያንዳንዱ ርዝመትና የአቀበቱ ድምር ስንት ነው?

2. የሚሳፈረው ሰው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ ተደምረው ስንት ኪሎ ይመዝናሉ?

3. ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አቀበት 40፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ተቈጥሮ፣ የደርሶ መልሱ ድምር ስንት ይመጣል? ክብደቱ ከ100 ኪሎ ከበለጠ ድምሩ በዚያው መጠን ይጨመር።

4. የባትሪው ዋት-ሰዓት በ0.8 ተባዝቶ፣ ለእርጅናው ወይም ለውርጩ ደግሞ እንደገና በ0.8 ተባዝቶ፣ ከላይ ያለውን ድምር ይሸፍናልን? ካልሸፈነ፣ የትኛው አጎራባች አጥቢያ መሙያ ሊሆነን ይችላል?

5. ባትሪው የሚሞላው የት ክፍል ነው? ማን ይጠብቀዋል? ቁልፉስ በማን እጅ ይሆናል?

6. ለምትክ ባትሪ በየወሩ ስንት ብር ይቀመጣል? ከየትኛው ገቢ?

እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች በቍጥር ከተመለሱ በኋላ መልሱ «እንግዛ» ቢሆን ተሳፋሪው ሲመሽ ቤቱ ይገባል፤ «እንቆይ» ቢሆንም የአጥቢያው ገንዘብ ለሚበልጥ ጉዳይ ይተርፋል።